የአንድ ዓይናው ፈረስ ምንጭ

ስኔዣና ካራቤሎቫ ሰው ሲያወራ ዝም ብላ መስማት የምትችለው ለሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል ነው። አራተኛው ላይ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና «ይሄን ማን አለ?» ትላለች። ሥጋ ቤት ተሰልፈው ስለ አየሩ የሚያወሩትን ሴቶች እንኳ አትምርም። የዘንድሮው ክረምት ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የከፋ ነው ያለች ሴት፣ ያነበበችበትን ጋዜጣ ከነቀኑ ካልተናገረች ቋሊማዋን ይዛ በሰላም አትወጣም።

የትንሿ የቡልጋሪያ ከተማ የካሜን ብሮድ ሰው ይህን ጠባይዋን የሥራዋ ነው እያለ ይችላት ነበር። በከተማዋ ንባብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት መጻሕፍት ስታውስ፣ ስታስመልስ፣ የተገነጠለ ገጽ ስትለጥፍ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ብትሆን አይፈረድባትም። ጉዱ የፈላው በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ተነሥታ የባህል ጥናት ማስተርስ በርቀት ልማር ብላ የተመዘገበች ጊዜ ነው።

ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው። መምህሩ ፕሮፌሰር ሊዩቤን ታባኮቭ ይባላሉ፤ ትንሽ የሚናገሩ፣ ከዚያም ያነሰ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በውይይት ገጹ ላይ ሐሳባቸውን ማስፈር አለባቸው፤ ከውጤታቸው ሲሶው የሚመጣው ከዚያ ነው። ፕሮፌሰሩ ያወጡት ሕግ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ምንጭ ያልተጠቀሰለት ነገር ከተገኘ የሳምንቱ ተረኛ ጽሑፉን ቢጫ ይቀባዋል፣ ከሥሩም «ምንጭ ይጠቀስ» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ ከየት እንዳመጣው በትክክል እስኪናገር ድረስ ቢጫው አይነሣም፤ ነጥብም የለም።

ተረኝነቱ በየሳምንቱ ይዞራል ተብሎ ነበር። ሌሎቹ ግን ሥራ በዛብን፣ ልጅ ታመመብን እያሉ ለስኔዣና ተዉላት። ሰጪም ተቀባይም ደስ አላቸው። በሁለተኛው ወር ገጹ የሱፍ አበባ ማሳ መሰለ። አንዱ የአያቴ መንደር ብሎ ሲጀምር ቢጫ፣ አንዷ እንደሚታወቀው ስትል ቢጫ። «በማን ነው የሚታወቀው?» ትላታለች ስኔዣና፣ በትሕትና፣ ከነሰላምታው። ተማሪዎቹ «እትዬ ምንጭ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ስትሰማ የተቆጣች መሰለች እንጂ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል።

ይህን የምታደርገው ደግሞ ለክፋት አልነበረም። ከልቧ የምታምንበት ነገር ነው። የሰው ሐሳብ ወስዶ ስሙን አለመጥራት፣ ሰው ቤት ጠግቦ በልቶ ሳያመሰግኑ ብድግ ብሎ እንደመውጣት ነው ትል ነበር። ገጹ ላይ ከአንዴም ሦስቴ ጽፋዋለች፤ ማን እንዳለው ሲጠይቋት «እኔ» ብላ ፈርማበታለች።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ቢጫ የጠገበው ራዶይ ሚንቼቭ ነው። ራዶይ ፕሎቭዲቭ ውስጥ ሊፍት የሚጠግን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ጽሑፉን የሚጽፈው ሊፍት አናት ላይ ተቀምጦ፣ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ነው። እንደ ሥራው ሐሳቡም ይወጣል ይወርዳል። አንድ ሰኞ ታዲያ በደስታ እየተንደረደረ እንዲህ የሚል ነገር ለጠፈ፦ በደቡብ ቡልጋሪያ አንዳንድ ቦታ በቶዶር ቀን በሚጋገረው ዳቦ ላይ ፈረሱ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚደረግለት፤ ይህም ከክርስትና በፊት በአገሩ የጥንት ነዋሪዎች በትራክያውያን ዘመን ይመለክ የነበረ አንድ ዓይና ፈረሰኛ አምላክ ርዝራዥ ነው።

የቶዶር ቀን የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ የፈረሶች ፋሲካም ይሉታል። ሴቶች የፈረስ ፊት የመሰለ ዳቦ ጋግረው ለጎረቤት ያድላሉ፤ በሌላ ከተማ ፈረሱ ሁለት ዓይን አለው፣ ሁለቱም ዋልነት ከሚባለው የለውዝ ዓይነት ግማሽ ግማሽ ናቸው። ስኔዣና የራዶይን ጽሑፍ ስታነብ የምታውቀው ነገር መሰላት። ምን እንደሆነ ለማሰብ ግን ጊዜ አልሰጠችውም፤ እጇ ከሐሳቧ ቀደመና ቢጫ ቀባችው። «ውድ ራዶይ፣ ደስ የሚል ነው። ማን አለ?»

ሌላው ተማሪ ቢሆን አንድ መጽሔት ጠቅሶ ይገላገላት ነበር። ራዶይ ግን እልህ ያዘው። በዚያ ላይ ይህን ፈረስ ከያዘው ሦስት ወር አልፎታል፤ ሶፊያ ላይ በሚካሄድ ጉባኤ ሊያቀርበው አስቧል፤ የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ የሚያስገባበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነው። ስለዚህ ከምንጭ ወደ ምንጭ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። ትራክያውያኑን ያመጣው አንድ የጉዞ መጽሔት ነበር። መጽሔቱ የጠቀሰው የወረዳ ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣው ላይ ትራክያውያን የሉም፣ «ከክርስትና በፊት» የሚል ብቻ ነው ያለው። ጋዜጣው የጠቀሰው ለቱሪስቶች የታተመ ካርታ ጀርባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ክርስትናም የለም፣ «ከጥንት ጀምሮ» ይላል። ካርታው በበኩሉ የጠቀሰው አንዲት ባለ አሥራ ስድስት ገጽ ብሮሹር ናት።

ረቡዕ ጠዋት ራዶይ ለስኔዣና በግል ጻፈላት።

«እትዬ ስኔዣና፣ ደረስኩበት። እንኳን ጨቀጨቁኝ። ብሮሹሩን ያሳተመው የእናንተው የካሜን ብሮድ ንባብ ቤት ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ገጽ አሥራ ሁለት። ጸሐፊው ግን አልተጠቀሰም። እርስዎ እዚያው ነዎት፤ ማን እንደጻፈው ቢያገኙልኝ በደስታ ምንጭ እጠቅሳለሁ።»

ስኔዣና መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ምክንያቱም ሦስተኛ ማንበብ አላስፈለጋትም። የጻፈችው ራሷ ናት።

ያ ቀን ወለል ብሎ ታያት። የንባብ ቤቱ የምሥረታ በዓል ደርሷል፤ ብሮሹሩ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ደውሎ ገጽ አሥራ ሁለት አራት መስመር ጎድሎታል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልላክሽ ነጩን አትመዋለሁ ይላል። ማሞቂያው ተበላሽቶ እሷ ካፖርቷን ለብሳ ተቀምጣለች። ጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ፔና ደግሞ እንደ ልማዳቸው እያወሩ ወለሉን ይወለውላሉ፤ «እግርሽን አንሺ» ይሏታል። እግሯን አነሣች፤ እግሯን እንዳነሣችም አራቱን መስመር ጻፈች። በካሜን ብሮድ የቶዶር ፈረስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይን ብቻ አለው፤ በዚያ ዓይኑ ቤቱን ይጠብቃል፤ ሌላው የሌለው የጎረቤትን ጉድ እንዳያይ ነው። ከየትም አላመጣችውም፤ ከራሷ ነው። ያን ጊዜ ጎበዝ ነኝ ብላ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዳቦ ቤቱ አንድ ዓይን ያለው ፈረስ ጋገረ። ስኔዣና ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ጀመረ፣ ከዚያ ከንቲባው ለእንግዶች ማደል ጀመሩ። በአምስተኛው ዓመት ሴቶቹ አያቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር ማለት ጀመሩ። በአሥረኛው ዓመት ስኔዣና ራሷ አንድ ዋልነት ብቻ ለሁለት ገምሳ፣ ግማሹን ለፈረሱ ሰክታ ግማሹን ለራሷ በላች። ውሸት መሆኑን ረስታው ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ማድረግ የነበረባት ነገር ቀላል ነው። «ጸሐፊው አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ብቻ። ብሮሹሩ ላይ ስም የለም፤ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ሞቷል፤ ማንም አይደርስባትም። ራዶይ ጽሑፉን ያስገባል፣ ሶፊያ ይሄዳል፣ ያጨበጭቡለታል። እሷም እትዬ ምንጭ እንደተባለች ትኖራለች። ጻፈችው ደግሞ። «ውድ ራዶይ፣ መዝገቡን አገላብጬ ነበር፤ ጸሐፊው አልታወቀም።» ጣቷ መላኪያው ላይ ሆኖ ደረቀ። ካሥር ደቂቃ በፊት አንዲት የሁለት ልጆች እናት፣ አያቴ ነግራኛለች ብላ የአያቷን ስም ባለመጻፏ ቢጫ ቀብታባታለች። ያፈረችው ያን ሴት አስታውሳ ነው። የጻፈችውን አጠፋችው።

ከዚያ ነገሩን በግል ሳይሆን በሁሉም ፊት፣ ውይይት ገጹ ላይ አወጣችው። አጻጻፉን ሕጉ በሚያዘው መሠረት አደረገችው፦

«ምንጭ፦ ስኔዣና ካራቤሎቫ፣ የካሜን ብሮድ ንባብ ቤት ብሮሹር፣ ገጽ አሥራ ሁለት። አራት መስመር ጎድሎ ነበር። ከራሴ አውጥቼ ሞላሁት። ጥንት የሚባል ነገር የለም። ራዶይን ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ላከችውና ኮምፒውተሩን ዘግታ ሻይ አፈላች። ሻዩ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ኮምፒውተሩን ስትከፍተው የተማሪው ሳቅ ገጹን ሞልቶታል። ምንጭ ይጠቀስ እያለች ስታስለቅሰን የከረመችው ራሷ ኖራለች አለ አንዱ። ሌላዋ ብሮሹሩን በቢጫ ቀለም ቀብታ ፎቶውን ለጠፈችው። የሁለቱ ልጆች እናት የአያቷን ስም ብቻ ጻፈች፣ ከነአባታቸው። ስኔዣናን ከሳቁ ሁሉ ይልቅ ይሄኛው ወጋት። ማታ ላይ ራዶይ ሁለት መስመር ላከላት።

«እትዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በባትሪ ያነበብኩት የእርስዎን አራት መስመር ነው? ትናንት ለእናቴ ሶፊያ ልሄድ ነው ብያት ነበር።»

አለቀሰች፤ አፍንጫዋን ተናፈጠች።

ሐሙስ ጠዋት ንባብ ቤት ገብታ ገጹን ስትከፍት ግን ዓይኗን ማመን አቃታት። ኑዛዜዋ ቢጫ ተቀብቷል። ከሥሩ «ምንጭ ይጠቀስ» ተብሎበታል። የቀቡት ፕሮፌሰር ታባኮቭ ራሳቸው ነበሩ፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ አንድም ጊዜ እጃቸውን ቢጫ ላይ አሳርፈው አያውቁም። በግልም አጭር ነገር ጽፈውላታል። «ወይዘሮ ካራቤሎቫ፣ ድፍረትዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን ‹ከራሴ› የሚባል መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አጣሁ። ዋልነቱ ወደ ራስዎ የገባው በየት በኩል ነው?»

ስኔዣና ደሟ ፈላ። ሰው እንዲህ ራሱን አዋርዶ አምኖ ደግሞ ቢጫ! በየት በኩል ይገባል ዋልነት ወደ ሰው ራስ? ብቻዋን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ጋዜጣ ሊያነቡ የመጡ ሁለት ጡረተኞች ቀና ብለው አዩዋት። ብድግ አለችና ብሮሹሩን ከመደርደሪያ አውርዳ ገጽ አሥራ ሁለትን ገለጠች። የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ያው የድሮው ነው። አራቱን መስመር ስታነብ ሳይታወቃት እግሯን ከወለሉ አነሣች።

እግሯን እንዳነሣች ቀረች።

እማማ ፔና ሲወለውሉ ዝም ብለው አያውቁም። ስለ ዶሮዎቻቸው፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ መንደራቸው ያወራሉ። ስኔዣና ደግሞ እየጻፈች «እህ» ማለት ለምዳለች፤ ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ እህ ያላለችው ነገር የለም፣ የሰማችው ነገርም የለም። የዚያን ቀን እግርሽን አንሺ ከማለታቸው በፊት ምን እያሉ ነበር? የቶዶር ቀን ቀርቦ ነበር። ስለ ዳቦ ነበር የሚያወሩት። ስለ ዳቦና ስለ አንድ ፈረስ።

ስኔዣና ንባብ ቤቱን ለሁለቱ ጡረተኞች አደራ ብላ ወጣች።

እማማ ፔና ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኔዣና ስትገባ በመስኮቱ ደፍ ላይ በተደረደሩ ባዶ የእርጎ ኩባያዎች ውስጥ የቲማቲም ዘር እየተከሉ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ አልገረማቸውም።

«መጣሽ?» አሉ።

«መጣሁ፣ እማማ ፔና።»

«ተቀመጪ። እሱን ኩባያ እንዳትነኪው፣ በርበሬ ነው።»

ስኔዣና ተቀመጠች። እንዴት እንደምትጀምር ጠፋት። ሌላውን ሁሉ ማን አለ ስትል የኖረች ሴት፣ ይቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ምላሷ ተሳሰረ። በመጨረሻ የፈረሱን ነገር እንዲነግሯት ለመነቻቸው፣ ያኔ ሲወለውሉ የነገሯትን።

«ሰምተሽኝ ነበር ማለት ነው?» አሉ እማማ ፔና።

«አልሰማሁም። ጻፍኩት እንጂ አልሰማሁም።»

እማማ ፔና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና አጠገቧ ቁጭ አሉ። ነገሯት፤ ሳይቸኩሉ፣ ሳያለቅሱ፣ ቲማቲማቸውን እያዩ። አባታቸው ዶርቾ የሚባል ፈረስ ነበራቸው፤ ግራ ዓይኑ አያይም። ፔና ገና ልጅ ሳሉ መሬቱም ከብቱም ወደ ኅብረት እርሻ ይግባ ተባለና ዶርቾንም ወሰዱት። አባትየው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። የቶዶር ቀን ሲደርስ እናትየው እንደ ሁልጊዜው የፈረስ ዳቦ ጋገሩ፤ ግን የግራውን ዓይን ባዶ ተዉት። የማን ፈረስ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው አሉ። ዳቦውን ለሰፈሩ ሁሉ አደሉ። ፈረሱን ሊወስድ ለመጣው ሰውዬ ሳይቀር ሰጡት፤ ሰውዬው አይቶት ዝም አለ፤ ተቀብሎም በላ።

«አባቴ ያን ቀን በላ» አሉ እማማ ፔና። «ይኸው ነው ታሪኩ። ሌላ የለውም።»

«ብሮሹሩን አይተውት ነበር?» አለች ስኔዣና።

«ምን ማለትሽ ነው? አራት መቶውንም ቅጂ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ደርድሬ የጠረዝኩት እኔ አይደለሁም? አነበብኩት። ዶርቾን አገኘሁት፤ ስሙ የለም። እናቴን ፈለግኋት፤ የለችም። እንግዲህ እኔማ ጽዳት ነኝ፣ ምን አግብቶኝ ልናገር። በኋላ ዳቦ ቤቱ ሲጋግረው፣ ልጆቹ ሲጋግሩት… በየዓመቱ በመስኮት አየዋለሁ። ከተማው ሁሉ ዶርቾን ይዞ ያልፋል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አሉ እማማ ፔና።

ያኔ እማማ ፔና ዛሬ ስኔዣና ባለችበት ዕድሜ ነበሩ፤ ሃምሳ ሰባት። ከራሴ አመጣሁት ብላ ሃያ ስድስት ዓመት የኮራችበትና በአንድ ቀን ያፈረችበት ነገር የሌላ ሰው አባት ኀዘን ኖሯል። ውሸት ጻፍኩ ብላ ስትጨነቅ አደረች፤ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር። ይቅርታ ጠየቀች። እጃቸውን ይዛ፣ አፈሩ ጣቷን እስኪያጠቁረው ድረስ ጠየቀች። እማማ ፔና እጃቸውን አላስለቀቁም።

ከዚያ ስኔዣና ደብተሯን አወጣችና እንደ ሕጉ ልጻፈው አለች። ምንጭ፦ ፔና ስታይኮቫ፣ በቃል የነገሩን።

«እኔ አይደለሁም» አሉ እማማ ፔና። «እኔ ምን አደረግኩ? የጋገረችው እናቴ ናት። ትሬንዳፊላ በይ።»

ስኔዣና ሁለቱም እንደሚጻፉ አስረዳቻቸው፤ ማን እንዳደረገው፣ ማን እንደነገረው።

«ታዲያ እንዲህ ከሆነ እስከ አዳም ልትደርሺ ነው።»

«እስከሚታወቀው ድረስ ነው፣ እማማ።»

«እሺ። ያቺ የጎረቤት ጉድ የምትለዋስ የማን ናት? እኔ እንደሱ አላልኩም። ዶርቾ የሰው ጉድ የሚሰልል ፈረስ አልነበረም።»

«እሷ የኔ ናት» አለች ስኔዣና።

«ስምሽን ጻፊባታ። እኔ ላይ እንዳታላክኪ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስኔዣና ውይይት ገጹ ላይ ሁለተኛውን ጽሑፏን አሰፈረች። የትኛው የማን እንደሆነ ለየችው፤ የትሬንዳፊላ፣ የፔና፣ የራሷ። ሰምታ እንዳልሰማች፣ ወስዳ እንዳላመሰገነች ሳትሸፋፍን ጻፈች። ቢጫው ተነሣ። ፕሮፌሰሩ ከሥሩ «አመሰግናለሁ» ብቻ አሉ። የሳቀ ተማሪ አልነበረም። ለራዶይ ደግሞ ደወለችለት፤ በጽሑፍ ማድረጉን አላመነችበትም። ሊፍት አናት ላይ ነው ያገኘችው፤ ከበላዩ ገመዱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ትራክያውያኑን ተዋቸው አለችው፤ አምላክ የለም፣ ፈረስ ግን አለ፤ የፈረሱን ስም የሚያውቁ ሰው ደግሞ በሕይወት አሉ። ለሶፊያ ጉባኤ ከዚህ የተሻለ ካገኘህ ንገረኝ አለችው።

«የስንት ሰዓት አውቶቡስ አለ ወደናንተ?» አላት ራዶይ።

ዓርብ ሙሉ ቀን እማማ ፔና ቤት ተቀምጦ ሲጠይቅ ዋለ። ከበርበሬው ኩባያ አንዱን በክርኑ ደፍቶ ተሰድቧል። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለቴ ጠየቃቸውና እማማ ፔና አንተ ልጅ የማይሠራው ጆሮህ ነው ወይስ ጭንቅላትህ አሉት። ማጠቃለያውን ያስገባው የመዝጊያው ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ርዕሱ ላይ አምላክም ጥንትም አልነበረም፤ አንድ ፈረስና ሁለት ሴቶች ነበሩበት።

ቅዳሜ የቶዶር ቀን ሆነ። ሴቶቹ እንደ ሁልጊዜው ዳቦዎቻቸውን ንባብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ደረደሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይና። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር። አንዷ ስኔዣናን በወገቧ ጎሸም አድርጋት፣ አያቴ ትጋግረው ነበር ስል የኖርኩትን ምን ላድርገው አለቻት። ስኔዣና የአያትሽን ስም ጻፊና እንየው አለቻት፤ ሴትየዋ ስቃ ሄደች። ከጠረጴዛው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ስኔዣና በገዛ እጇ የጻፈችው ካርቶን ተሰቅሏል።

«የዚህ ፈረስ ስም ዶርቾ ነው። ግራ ዓይኑ አያይም ነበር። መጀመሪያ የጋገሩት ትሬንዳፊላ ናቸው። የነገሩን ልጃቸው ፔና ስታይኮቫ ናቸው። የጎረቤት ጉድ የሚለውን የጨመረችው ስኔዣና ካራቤሎቫ ናት።»

እማማ ፔና ምርኩዛቸውን ይዘው፣ የበዓል ሻርፓቸውን አስረው መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ተመልሰው አንዱ ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጣታቸው እዚያው ቆየ። ስኔዣና የሆነ ነገር የተሳሳተች መሰላት። የፈረሱ ዓይን ይሆን? ስሙ ይሆን?

«ትክክል አይደለም እንዴ?» አለች።

«ትክክል ነው» አሉ እማማ ፔና። «ግን ዝቅ አድርገሽ ሰቀልሽው። ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ እናቴ ረጅም ነበረች።»

ለበዓሉ እዚያው ያደረው ራዶይ ከንባብ ቤቱ ጓዳ መሰላሉን ሊያመጣ ገባ።